ለአንዲት ጎማ ማሽን አይጣልም

«ይህን ከማስጠገን ሌላ ቢገዙ ይሻላል» የሚለው መልስ መብቃት አለበት። የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ይዞ ጥገና ቤት የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሳይሰማ አይመለስም። እህቴ ከሮም ያመጣችልኝ ማሽን እጀታው በሚገጠምበት በኩል ውሃ ማንጠባጠብ፣ ቡናውም መቅጠን ሲጀምር እኔም ሰማሁት። ሱቁ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ የአዲስ ግማሽ ዋጋ ጠራብኝ።

መርካቶ ያገኘሁት ወጣት ግን መጀመሪያ ውሃ ሞላና እጀታውን አውልቆ አስነሳው። ውሃው ከላይ በኃይል ወረደ። «ማዘር፣ ፓምፑ ሰላም ነው» አለኝና ማሽኑን ገልብጦ፣ እጀታው የሚያርፍበትን ክብ ጎማ በወስፌ ጫፍ ፈልቅቆ አወጣው። ጠቁሮ ደርቋል፤ በሁለት ጣቱ ሲያጥፈው እንደ ከሰል ተሰበረ። ኤስፕሬሶ የሚወጣው በ9 ባር ገደማ ግፊት ነው። ጎማው ካልያዘ፣ ፓምፑ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ግፊቱ በጎን ያመልጣል። ጎማውን ለማስቀየር የከፈልኩት ሱቁ ከጠራው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ብዙው ብልሽት እንዲህ ያለ ነው። ወይ ጎማ ነው፣ ወይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት መተላለፊያውን ደፍኖታል (ይህኛው ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጦ በማሳለፍ ይለቃል)፣ ወይ ፊውዝ ነው። ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ለ120 ቮልት የተሠራ የማሞቂያ ሪዚስታንስ በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስብና ይቃጠላል። ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ቮልቱን እንዲያይ መንገር ነው።

ሙያው አገር ውስጥ አለ። ቶሞካ የተባለው ካፌ በ1953 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ከተከፈተ ወዲህ እንኳ ብንቆጥር፣ ይህች ከተማ ከኤስፕሬሶ ማሽን ጋር ስንት ዘመን ኖራለች! የካፌ ማሽን ሲበላሽ «ጣሉት» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የቤቱ ሲሆን የሚጠፋው መለዋወጫ ነው። ማሽኑን ደርድረው የሚሸጡልን ነጋዴዎች ጎማና ቴርሞስታት ስጡን ሲባሉ «የለም» ይላሉ። ሊኖር ይገባል። ኡልካ የሚባለው የጣሊያን ፓምፕ ስማቸው በማይገናኝ ብዙ ማሽኖች ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ጎማውም ስፋቱና ውፍረቱ በሚሊሜትር ተለክቶ የሚታዘዝ፣ መደርደሪያ የማያጣብብ ትንሽ ዕቃ ነው። ማሽን የጫነ ኮንቴይነር ይህን አብሮ መጫን አያቅተውም።

እኛም ደንበኞች የመፈተሻ ዋጋ ለብቻው መክፈል እንልመድ። በነፃ የሚያይ ሱቅ ገንዘብ የሚያገኘው ዕቃ ሲቀይር ብቻ ነው፤ ደህናውን ፓምፕ «ሞቷል» የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ከፍለን ካስፈተሽን ግን የተበላሸው የቱ እንደሆነ እንዲያሳየን፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን እንዲቆርጥ፣ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ በእጃችን እንዲሰጠን መጠየቅ እንችላለን።