ስም የሚወጣው በእግር ነው



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ስፖርት በተጻፈ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስፖርት ለጤና ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ሯጭ ጉልበት ሳይሆን ስለ ሯጭ ስም ልጽፍ ነው። የዘመኑ ሰዎች ይህን «ብራንድ» ይሉታል፤ አባቶቻችን ግን ይህ ቃል ሳይሰማ ከብዙ ዘመን በፊት «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለዋል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያስገደደኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፥ ጓደኞቼ ቢስቁብኝም ሳልደብቅ ከዚያ እጀምራለሁ። ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቶች ውድድር በ3,000 ሜትር አንደኛ ወጣሁ። ያሸነፍሁት አንድ ውድድር ብቻ ነው። በማግሥቱ ግን አንድ ጓደኛዬ በስልኩ ገጽ ከፈተልኝና ከስሜ በታች «የነገው ሻምፒዮን» ብሎ ጻፈበት። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በደብረ ብርሃን ውርጭ ማልጄ ተነሥቼ ወደ ሜዳ ስወርድ ሐሳቤ በሩጫው ላይ መሆኑ ቀረና፥ ፀሐይ ስትወጣ በየትኛው ጎን ብነሣ እንደማምር ማሰብ ሆነ ሥራዬ። የስፖርት አስተማሪያችን 400 ሜትር አሥር ጊዜ እንድንሮጥ ሲያዙን፥ እኔ ስድስቱን ሮጬ የአራቱን ጊዜ ለፎቶግራፍ አውለው ነበር። የገጼ ተከታዮች 3,000 በደረሱ ዕለት በክፍል ውስጥ ተጨበጨበልኝ። በሚቀጥለው ውድድር ግን ስድስተኛ ወጣሁ። ከፊቴ የነበሩት አምስቱ ልጆች ገጽ ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም፤ ጀርባቸውን ግን በሚገባ አይቼዋለሁ።

ከዚህ ውድድር ጥቂት ቀደም ብሎ ገጼን የተመለከተ አንድ ሰው መጣ። የሯጮች ወኪል ነኝ አለ። አንድ ጥንድ የመሮጫ ጫማና አንድ ቱታ ካሳየኝ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ አራት ገጽ ወረቀት ሰጠኝ። ዕድሜዬ ገና 18 ዓመት ስላልሞላ አባቴ እንዲፈርሙልኝ ወደ ቤት ይዤው ሄድሁ። አባቴም ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥቂት ቃላት ከመልቀም በቀር ስላልገባኝ «በደንብ አላውቅም» አልሁ። «አንተ የማታውቀውን ነው እኔን የምታስፈርመኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ሁለታችን ወረቀቱን ይዘን ወደ ስፖርት አስተማሪያችን ሄድን። እርሳቸውም ከእንግሊዝኛ መምህራችን ጋር ሆነው ቃል በቃል ተረጐሙልን። ወረቀቱ የሚለው፥ ስሜንና ፎቶግራፌን ሰውየው ለ10 ዓመት በፈለገው ማስታወቂያ ላይ ሊያውለው እንደሚችል፥ ወደ ፊትም ከማገኘው ሽልማት ሁሉ ከመቶ 40 እጁን እንደሚወስድ ነበር። የእኔ ድርሻ ያ ጫማና ያ ቱታ ነው። አባቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፥ «ለዚህ ልጅ ስም ያወጣንለት እኔና እናቱ ነን፤ ዋጋው አንድ ጥንድ ጫማ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም ነበር» አሉ። ጫማውም፥ ቱታውም፥ ወረቀቱም ለባለቤቱ ተመለሰ።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ በትምህርት ቤታችን ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን «ሯጭ ይሩጥ እንጂ ስለ ስሙና ስለ ገንዘብ አያውራ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዘመኑ የመታየት ዘመን ነው፤ ያልታየ እንደ ሌለ ይቆጠራል» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ የጐደላቸውን ግማሽ ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ሁለተኛውን ወገን ልመልስ፤ ከእነርሱ አንዱ እኔ ነበርሁና። አበበ ቢቂላ የተወለደው ከእኛ ከተማ ብዙ በማይርቀው በጃቶ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲፈጽም፥ ባዶ እግሩ በዓለም ሁሉ ዘንድ መታወቂያው ሆነ። ነገር ግን ጫማውን ያወለቀው ለመታየት ብሎ አልነበረም፤ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው፥ ደግሞም በባዶ እግር መለማመድ ያውቅበት ስለ ነበረ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደ ገና አሸነፈ። ስሙ በባዶ እግሩ ላይ ብቻ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ ጫማ ባጠለቀ ዕለት በጠፋ ነበር።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴንም እንመልከት። ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ መያዙን የማያውቅ የሩጫ ወዳጅ የለም። ይህን ምልክት የፈጠረለት የማስታወቂያ ባለሙያ አይደለም። በአርሲ በልጅነቱ ደብተሩን በክንዱ አቅፎ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ስለ ነበር የቀረበት ልማድ ነው። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የጊዜውን የዓለም የሴቶች ክብረ ወሰን ከሰበረች በኋላ የሮጠችበትን ጫማ በእጅዋ ይዛ ታየች። ሥዕሉም በየአገሩ ተሠራጨ። እኔም ጫማዬን ይዤ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ከመንደሬ ግን አላለፈም። ልዩነቱ ከጫማው ሳይሆን ከ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃው ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የታምራት ቶላ ነገር ነው። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን በተጠባባቂነት የተያዘ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲቀር ታምራት ተተካና ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ማንም ሳያየው ይለማመድ ባይኖር ኖሮ በተጠራበት ቀን ምን ይዞ ይቀርብ ነበር? ሳይሠሩ ስም መፈለግ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መጀመሪያው ወገን ልመለስ። ሯጭ ስለ ገንዘብ ቢያስብ ነውር ነው የሚለው ሐሳብ የመጣው ከጥንቱ የኦሊምፒክ ሕግ ነው። አሜሪካዊው ጂም ቶርፕ በ1904 ዓ.ም. በስቶክሆልም በፔንታትሎንና በዴካትሎን አሸንፎ ሳለ፥ ቀደም ሲል ለጥቂት ገንዘብ ቤዝቦል ተጫውቶ ስለ ተገኘ በ1905 ዓ.ም. ድሉን ተነጠቀ። የተመለሰለት ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1975 ዓ.ም. ሲሆን፥ ብቻውን አሸናፊ ተብሎ የተመዘገበውም በ2014 ዓ.ም. ነው። ያ ሕግ ድኻውን ጎዳ እንጂ ስፖርትን አላነጻም፤ ያለ ክፍያ ሊለማመድ የሚችለው የቤቱ ሞልቶ የተረፈው ነበርና። ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። በፓሪስ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ለእያንዳንዱ ወርቅ አሸናፊ 50,000 ዶላር ሸልሟል። የሯጭ ጉልበት የሚቆየው ጥቂት ዓመታት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ከስሙ በሚገባ ቢጠቀም ነውሩ ምንድን ነው?

ስሙን የማይጠብቅ ሰው ግን ሌላ ይጠቀምበታል። ከአበበ ዕረፍት ብዙ ዓመታት በኋላ ቫይብራም የሚባል የጫማ ኩባንያ «ቢቂላ» የሚል ስም የሰጠውን ጫማ ለገበያ አወጣ። ቤተሰቦቹ ያለ ፈቃዳችን ነው ብለው በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ከሰሱ። በ2009 ዓ.ም. ግን ዳኛው ቤተሰቡ ነገሩን እያወቀ ሳይከስስ ዘግይቷል በማለት ክሱን ዘጋው። በባዶ እግሩ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ስም ጫማ መሸጫ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ስም እንደ ርስት መሆኑን ነው፤ ድንበሩን በጊዜ ያላስከበረ በኋላ ቢጮህ የሚሰማው አያገኝም።

ሌላም ማሰብ የሚገባን ነገር አለ። ስም በዓመታት ይሠራና በአንድ ቀን ይፈርሳል። ማሪዮን ጆንስ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ሦስት ወርቅ ያለበት አምስት ሜዳልያ አግኝታ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የተከለከለ መድኃኒት መውሰድዋን ባመነች ጊዜ ሁሉንም መለሰች። በአንጻሩ ደግሞ ደራርቱ ቱሉን እናስታውስ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን ዞረች። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ከኦሊምፒክ ርቃ የቆየችባቸው ብዙ ዓመታት ያበቁበት ጊዜ ስለ ነበር፥ ያ መያያዝ ከወርቁ እኩል ይታወሳል። ኃይሌም በ1994 ዓ.ም. በተጀመረው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብዙ ሺህ ሕዝብ አብሮት እንዲሮጥ አደረገ። ስማቸው የከበረው ለሌላውም ቦታ ስለ ነበረበት ነው።

ስለዚህ ወቀሳ ብቻ እንዳይሆንብኝ ሦስት አሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፥ የስፖርት ክበባችን መዝገብ ይኑረው። የእያንዳንዱ ሯጭ ቀን፥ ርቀትና ሰዓት በአስተማሪ ፊርማ ይጻፍበት፤ ማንም ስለ ራሱ ሊናገር ቢፈልግ ከዚያ ላይ ይናገር። ሁለተኛ፥ ማንኛውም ተማሪ ስሙንና ፎቶግራፉን የሚመለከት ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ወላጅና መምህር ባሉበት ይነበብለት። መምህራኖቻችንም የውል ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ በዓመት ጥቂት ሰዓት ቢያስተምሩን ብዙ ልጆችን ያድናሉ። ሁሉም እንደ እኔ አባት ጠያቂ አባት የለውምና። ሦስተኛ፥ ልምምድ እስኪያልቅ ስልክ በቦርሳ ይቆይ። ገጽ መክፈት ኃጢአት አይደለም፤ ከሩጫው ቀድሞ መሮጡ ነው ጥፋቱ።

እኔ ገጼን አልዘጋሁትም። «የነገው ሻምፒዮን» የሚለውን ግን አጥፍቼ በቦታው «3,000 ሜትር፤ 9 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ» ብዬ ጻፍሁ። ዘንድሮ አሥሩንም ጊዜ ስለምሮጥ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ለመለወጥ በቅቻለሁ፤ አሁን 9 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ይላል። ተከታዮቼ ቀንሰዋል፤ ሰከንዶቼም ቀንሰዋል። አባቴ ስለ ተከታይ ምንም አያውቁም፤ ከሜዳ በተመለስሁ ቁጥር ግን «ዛሬስ ስንት ገባህ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ውድ ጓደኞቼ፥ ወላጆቻችን ስም አውጥተውልናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ስም የምናወጣው እኛ ነን፤ የሚወጣውም በእግራችን ነው። አንድ ቀን ስማችንን የሚፈልግ ሰው ወረቀት ይዞ በመጣ ጊዜ ዋጋውን የምናውቅ ያድርገን።