አውጪ ያለ ተቀባይ

ዛሬ የማነሣው ነገር አንዳንድ ዘማሪ ወንድሞችንና እህቶችን ሊያስቀይም ይችላል። ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምወቅሰው ራሴን ስለሆነ በትዕግሥት አንብቡልኝ።

እዚህ እስራኤል እሑድ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ የእኛ አማርኛ ተናጋሪ የወንጌል አማኞች ጉባኤ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ነው፤ ደቡብ ቴል አቪቭ ውስጥ በተከራየናት አንዲት አዳራሽ። መዝሙር የምመራው እኔ ነኝ። ኪቦርድ አለን፣ ጊታር አለን፣ ከአዳራሿ የሚበልጥ ስፒከርም አለን። ከመድረክ ሆኜ ሳየው ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። «ልጄ፣ መዝሙሩን ትንሽ ዝቅ ብታደርጉልን?» አሉኝ። «እሺ እማዬ» ብዬ በሚቀጥለው ሳምንት ስፒከሩን ቀነስኩ። ሲያልቅ ተመልሰው መጡ። «ጆሮዬን አሞኝ መሰለህ እንዴ? ጉሮሮዬ ነው አልደርስ ያለኝ!» አሉና ሣቁ።

እኔ ግን አልሣቅኩም። እኚህ እናት ከእሑድ እስከ ዓርብ አንዲት አሮጊት እያስታመሙ በሰው ቤት ይኖራሉ። እዚያ በገዛ ቋንቋቸው ድምፅ አውጥተው መዘመር የለም። በሳምንት አንድ ቀን አፋቸውን ሊከፍቱ ይመጣሉ። ያቺን አንድ ቀን የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ!

ጥፋቱ እንዲህ ነው። የእኔ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ከፍ ሲል ያምርብኛል። መዝሙሮቹንም እንዳሉ ከአልበም እንወስዳለን። ዘማሪው ግን ስቱዲዮ ሲገባ ኪዩን የመረጠው ለራሱ ጉሮሮ እንጂ ሲደክሙ ሰንብተው ለሚመጡ እናቶች አይደለም። እኛ ያንኑ ቀድተን ሕዝቡ ዝም ሲል «ዛሬ መንፈሱ ቀዝቅዟል» እንላለን። ስንቱን ጉባኤ በዚህ ወቀስነው!

አገራችን እኮ ለዚህ መልስ ነበራት፤ አውጪና ተቀባይ። አውጪው ጥቂት ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ጭብጨባው ያያይዘዋል። ጎበዝ አውጪ ማለት ተቀባዩን የሚያሞቅ ነው። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ሲሰበሰቡ ማን ስፒከር ነበረው? ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። በእምነቱ ምክንያት ዓመታት በእስር ያሳለፈው ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ የዘመራቸውን መዝሙሮች ዛሬም ስንቱ በቃሉ ያውቃቸዋል! ጳውሎስም በቆላስይስ 3፥16 መዝሙርን የሚያያይዘው እርስ በርስ ከመማማር ጋር ነው። ሕዝቡ ዝም ካለ ማን ማንን ያስተምራል?

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገር ለወጥን። ከልምምድ በፊት የመዝሙሩን ከፍተኛ ኖታ እንፈልጋለን፤ ከላይኛው ዲ ካለፈ ኪዩን እናወርዳለን። የእኔ ድምፅ እዚያ አያምርም፤ ይሁን! አዝማቹ ላይ ማንቆርቆር ትቻለሁ፤ መሪው በየጊዜው ዜማውን ከለዋወጠው ተቀባዩ ምኑን ይይዛል? አዲስ መዝሙር በወር ከአንድ በላይ አናስገባም፤ ያንኑም ሕዝቡ በቃሉ እስኪይዘው ሳምንት በሳምንት እንደግመዋለን። ልጆቻችን ደግሞ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ፊደሉን አያነቡም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ከአማርኛው ሥር ያንኑ ቃል በዕብራይስጥ ፊደል እንጽፋለን። «ጨ» ስትመጣ እንቸገራለን፤ ልጆቹ ግን የእናቶቻቸውን አፍ እያዩ ያስተካክሉታል።

ሙዚቀኞቹ ወጣቶች አልተስማሙም። «ለእግዚአብሔር ምርጡን መስጠት አለብን፤ ጥራቱን ለምን እናውርድ?» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ልምምዱን አላስቀረሁም፣ ኪቦርዱንም አላስወጣሁም። ሶሎም ቦታ አለው፤ ተቀምጠን ሰምተን የምንባረክበት ጊዜ አለ። ነገር ግን «አብረን እንዘምር» ብለን ሕዝቡን ካስነሣን በኋላ ብቻችንን መዘመር ሰውን ማዕድ ላይ ጠርቶ እፊቱ ብቻን እንደ መብላት ነው። የመዝሙር መሪ ጥራቱ የሚለካው በሕዝቡ አፍ ነው።

ዘማሪዎች ሆይ፣ እስቲ በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ ይህን ሞክሩ። አዝማቹ ሁለተኛ ሲደገም ሙዚቃው ይቁም፤ እናንተም ከማይኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉና አዳምጡ። ሕዝቡ ከቀጠለ መርታችኋል። ጸጥ ካለ ግን ስፒከር አትጨምሩ፤ ኪዩን አውርዱ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።

እኛ ባለፈው ቅዳሜ ሞከርነው። እኚያ እናት ከኋላ ወንበር ሆነው ትንሽ ዘግየት እያሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምሩ ነበር። ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በአንድ አዳራሽ ስንሰበሰብ ግን ሦስት ዓመታችን ነው።

ቸር ይግጠመን!