ስለ ምኞት ሥዕል

በዚህ ዘመን በየአዳራሹ ጉባኤ እየጠሩ፥ የመግቢያም ዋጋ እየተቀበሉ፥ «የምትሻውን ነገር ዐይንህን ጨፍነህ በልብህ ሣለው፤ እንዳገኘኸውም ቍጠረው፤ ይመጣልሃል» እያሉ ወጣቱን የሚያስተምሩ ሰዎች በዝተዋል። አንዳንዶቹም ቃለ ወንጌልን ለዚሁ ነገር ምስክር አድርገው ይጠቅሳሉ። ዝም ብንል ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለሚመስል፥ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

የነገሩ ምንጭ አሜሪካ ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን)። ናፖሊዮን ሂል የተባለው ጸሓፊ በ1937 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው የሚሻውን ገንዘብ ልኩን ወስኖ እንዲጽፍ፥ ጧትና ማታም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው፥ ሲያነብም ገንዘቡን በእጁ እንደ ጨበጠ እንዲያስብ አዘዘ። ለእውነት ስንል ግን፥ ይኸው ሰው በገንዘቡ ፈንታ የምትሰጠውን አገልግሎት ቍረጥ፥ የሥራም ዕቅድ አውጣ ብሎ ጨምሮ ነበር። በ2006 ዓ.ም. አውስትራሊያዊቷ ሮንዳ በርን «ምስጢሩ» ብላ ባወጣችው ፊልምና መጽሐፍ ሥራው ወደ ኋላ ቀርቶ፥ መጠየቅ፥ ማመንና መቀበል ጐልተው ወጡ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉ የነበሩት አባቶቻችን መጽሐፉን ሳያዩት መልሰውለታል።

ዐሳብን መሰብሰብ ክፉ ነው አንልም፤ ክፉ ቢኾንማ የቅኔ ቤት ባልተገኘ ነበር። የዋሸራና የጎንጅ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ቅኔ ሲቈጥር፥ ዐይኑ ተከፍቶ ሳለ በፊቱ የሚያልፈውን አያይም። (ረኀብ ሲጠናበት ዐሳቡ ወደ አኵፋዳው ሾልኮ መሄዱ አይቀርም።) ነገር ግን በልቡ የሚሥለው ምንድር ነው? መምህር መባሉን፥ ካባ መልበሱን ነውን? አይደለም። ለነገሩ የሚስማማውን ግሥ ይፈልጋል፤ ሰሙን ከወርቁ ያጋጥማል፤ ቤቱ አልመታ ሲለው አፍርሶ እንደ ገና ይቈጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ካባውን ሲሥል የዋለው ግን ከመምህሩ ፊት የሚያቀርበው ጉባኤ ቃና እንኳ የለውም።

ይህንኑ ልዩነት የውጭ አገር ሊቃውንትም መርምረውታል። በ1999 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ፈተና የቀረባቸውን የካሊፎርኒያ ተማሪዎች ከፍለው፥ አንዱን ወገን ከፍ ያለ ውጤት ማግኘቱን፥ ሌላውን ወገን ተቀምጦ ማጥናቱን በየቀኑ በልቡ እንዲሥል አደረጉ። ማጥናታቸውን የሣሉት የበለጠ አጠኑ፤ የበለጠም ውጤት አመጡ።

ወንጌሉን ለሚጠቅሱትም አንድ ጥያቄ አለን። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ ፈቃዱን ለአባቱ ሰጠ። በነርሱ ትምህርት ከኾነ ይህ ጸሎት እምነት የጐደለው ሊባል ነውን?

ከኹሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ ያሰበ ኹሉ ያገኛል ከተባለ፥ ድኻው ድኽነቱን፥ ሕመምተኛውም ሕመሙን በገዛ ዐሳቡ ጠራው ማለት ነው። ይህ የኢዮብ ወዳጆች ፍርድ ነው። እነርሱስ ለመፍረድ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከሐዘንተኛው ጋራ በመሬት ተቀምጠዋል። በዚህ ትምህርት የሚታመን አስተማሪ ካለ፥ አዳራሹን ትቶ በየደብሩ ደጅ ለተኙት ድውያን ይህንኑ ይንገራቸው፤ የመግቢያውንም ዋጋ ከማን እንደሚቀበል እናያለን።