ሕጉ በሻጩ ግቢ በር ላይ እንዳይቀር

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በዴንቨር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የታክሲ፣ የኡበር ወይም የሊፍት አሽከርካሪ መኪና የዕለት እንጀራ ነው። መኪናው ለአንድ ሳምንት ከቆመ የቤት ኪራዩ ይጓደላል። ይህ እንጀራ የሚገዛበት መንገድ ግን ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። ቀድሞ መኪና ፈላጊ ወደ ዲለር ግቢ ሄዶ፣ ሞተር አስነሥቶና ተከራክሮ ይገዛ ነበር። ዛሬ በስልኩ ፎቶግራፍ አይቶ፣ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ወይም በቴሌግራም ከማያውቀው ሰው ጋር ተጻጽፎ፣ አለዚያም መኪናውን ደጁ ድረስ ጭኖ ከሚያመጣ የኢንተርኔት ኩባንያ ይገዛል። ገዢው ከግቢው ወጥቷል፤ አብዛኛው ሕግ ግን እስካሁን እዚያው ነው።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ፣ ነጋዴው በእያንዳንዱ መኪና ላይ «የገዢ መመሪያ» የተባለውን ወረቀት እንዲለጥፍ ያስገድዳል። መኪናው ዋስትና እንዳለው ወይም ባለበት ሁኔታ እንደሚሸጥ የሚገልጸው ይኸው ወረቀት ነው። ደንቡ የሚመለከተው ግን በ12 ወራት ውስጥ ከ5 በላይ ያገለገሉ መኪናዎችን የሚሸጥን ነጋዴ ነው፤ ግለሰብ ሻጭን አይነካም። ብዙ ገዢዎች በ3 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት ያላቸው ይመስላቸዋል። ይህ ፌዴራላዊ መብት በዋነኛነት ለቤት ለቤት ሽያጭ የታሰበ ሲሆን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የተፈጸመን ግዢ አይሸፍንም። ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2023 ያጸደቀው፣ የሐሰት ዋጋንና የማይጠቅሙ ተጨማሪ ክፍያዎችን ለመከልከል የታቀደው አዲስ ደንብም ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 የሻረው፣ ኮሚሽኑ አስቀድሞ ማውጣት የነበረበትን ማስታወቂያ አላወጣም በሚል የሥነ ሥርዓት ምክንያት ነው። የደንቡ ፍሬ ነገር ስሕተት ነው ተብሎ አልተፈረደም።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በታይትል፣ በአገር ቤት አጠራር በሊብሬ፣ ላይ ነው። ኢሊኖይ በሜይ 2022 የካርቫናን የሽያጭ ፈቃድ ያገደችው ኩባንያው የባለቤትነት ሰነድ በወቅቱ አላዛወረም፣ ከሌላ ስቴት የወጣ ጊዜያዊ ታርጋም ሰጥቷል በሚል ነበር። ቭሩም የተባለው ሌላ የኢንተርኔት ሻጭ በ2024 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ1 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ኮሚሽኑ ያቀረበው ክስ መኪናዎቹ በጥልቀት ተመርምረዋል ማለቱ ሐሰት እንደነበረና ርክክብ ሲዘገይ ለገዢዎች የመሰረዝ ዕድል እንዳልሰጠ የሚገልጽ ነው። ታይትል የዘገየበት ሰው መኪናው በእጁ ሆኖ መኪና የለውም። ጊዜያዊ ታርጋው ሲያልፍበት መንገድ ላይ ሊወጣ አይችልም፤ የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ ግን አንድም ቀን አያርፍም። በግለሰብ ስም፣ ያለ ፈቃድ ከሚነግዱት የሚገዛውስ? ሰነዱ በሦስተኛ ሰው ስም ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ የሄደበት ርቀት ተቀንሶ የተሸጠለትም አለ። የአውራ ጎዳና ደኅንነት አስተዳደር በየዓመቱ ከ450,000 በላይ መኪናዎች ቆጣሪያቸው ተዛብቶ እንደሚሸጡ ይገምታል።

ለአማርኛ ተናጋሪው ከዚህ ሁሉ ላይ የቋንቋ ነገር ይታከላል። ሻጩ ወይም አሻሻጩ ብዙ ጊዜ የአገር ልጅ ነው። ዋጋው፣ ወለዱና ዋስትናው በአማርኛ ይወራል፤ «ወገን ወገኑን አያታልልም» የሚል መተማመንም አብሮ ይሸጣል። ፊርማው የሚያርፈው ግን በእንግሊዝኛ በተጻፈ ውል ላይ ነው፤ ፍርድ ቤትም የሚያየው ይህንኑ ውል ነው። ሕግ ይህን ችግር አያውቀውም ማለት አይቻልም። ከላይ የተጠቀሰው የ1985 ደንብ ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ የገዢው መመሪያም በስፓኒሽ እንዲሆን ያዛል። የካሊፎርኒያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ ድርድር የተደረገባቸው በርካታ ውሎች ከመፈረማቸው በፊት በዚያው ቋንቋ ተተርጉመው ለገዢው እንዲሰጡ ያስገድዳል። አማርኛ ከአምስቱ ውስጥ የለም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ጭምር ያገለግላሉ፤ ግዴታው ግን የመንግሥት እንጂ የመኪና ነጋዴ አይደለም። መንጃ ፈቃዱን በአማርኛ ጠይቆ የሚያወጣ ሰው የዓመታት ዕዳ የሚያሸክመውን ውል ሳያነብ ይፈርማል።

ነጋዴዎች ወጪውን ማንሣታቸው አይቀርም። ሆኖም የመኪና ሽያጭ ውል በአብዛኛው የታተመ ቅጽ ነው፤ የሚለዋወጠው ቁጥሩ ነው። የስቴቱ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ጠቅላላ ዋጋውን፣ የወለዱን መጠን፣ የዋስትናውን ሁኔታና የግልግል አንቀጹን የያዘ ባለአንድ ገጽ ማጠቃለያ አንድ ጊዜ አስተርጉሞ ለሁሉም ሊያድል ይችላል። ግዴታውም በአማርኛ ያስተዋወቀን ወይም የተደራደረን ነጋዴ ብቻ ይመልከት፤ ገበያውን በቋንቋው የፈለገ ውሉንም በቋንቋው ይስጥ። የግልግል አንቀጽ ሲነሣ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል፦ ዲለሮች ራሳቸው ከመኪና አምራቾች ጋር ባላቸው ውል አስገዳጅ ግልግል እንዳይጫንባቸው በ2002 ከኮንግረስ ሕግ አስወጥተዋል። ለራሳቸው ያልወደዱትን አንቀጽ ዛሬ ብዙዎቹ በገዢው ላይ ይጭኑታል።

ከአንዳንድ ስቴቶች የሚቀዳ አለ። በማሳቹሴትስ ግለሰብ ሻጭ እንኳ የሚያውቀውን ከባድ ጉድለት የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ እያወቀ ከደበቀና ይህ ከተረጋገጠ ገዢው በ30 ቀናት ውስጥ ግዢውን ማፍረስ ይችላል። ካሊፎርኒያ በ2025 ያወጣችው ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከዲለር የተገዙና ዋጋቸው እስከ 50,000 ዶላር የሆነ ያገለገሉ መኪናዎችን በ3 ቀናት ውስጥ የመመለስ መብት ይሰጣል።

አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚቀርብ ረቂቅ ከዚህ ሁለት ነገር ቢወስድና የውሉን ቋንቋ ቢጨምር ጥሩ መነሻ ይኖረዋል። ከሁሉም በፊት ግን ሻጩ ታይትሉን ማስተላለፍ እንደሚችል ሳያረጋግጥ የመጀመሪያውን ክፍያ እንዳይቀበል የሚከለክል አንቀጽ ሊኖረው ይገባል። የሁለቱም ስቴቶች ምክር ቤቶች በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይከፈታሉ። የሜሪላንዱ ጉባኤ የሚቆየው 90 ቀናት ብቻ በመሆኑ፣ የተወካዮች ጽሕፈት ቤቶች ረቂቁንና በጉዳቱ ላይ የሚመሰክሩ ገዢዎችን ከዚያ በፊት፣ በበልግ ወራት ማግኘት ይኖርባቸዋል።