ጠለፋን ፍቅር ብሎ ማንበብ



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ዛሬ የምናወራው ብዙዎቻችሁ ስልክ ላይ ስላለ ነገር ነው። ‹ዳርክ ሮማንስ› ይሉታል። (ቤተሰብ ተሰብስቦ ቃና ላይ ያየውን ‹ጥቁር ፍቅር› ማለቴ አይደለም፤ ያኛው ከዚህ ጋር ሲተያይ የዋህ ነው።) ወንዱ ሴቲቱን ይከታተላታል፣ ያስፈራራታል፣ ያግታታል። እሷ ደግሞ ቀስ በቀስ ትወደዋለች።

ከታወቁት አንዱ ፖላንዳዊቷ ብላንካ ሊፒንስካ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ‹365 ቀናት› ነው። አንድ የማፍያ አለቃ ሴት ያግትና እንድትወደው የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣታል። ፊልሙ በ2020 ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ፣ ራሷ ታግታ የተደፈረችው የዌልሷ ዘፋኝ ደፊ ለኩባንያው ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ ጽፋ ተቃወመች። በ2022 ሁለት ተከታይ ፊልሞች ተጨመሩበት።

አረካ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሰው ነገሩ የሩቅ አገር ቅዠት አይደለም። እኛ ዘንድ ስም አለው፤ ጠለፋ ይባላል። ከማፍያው ላይ ቪላውን፣ መኪናውንና መልኩን አንሡ። የሚቀረው መንገድ ላይ የሰው ልጅ ጠብቆ የሚወስድ ሰው ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷን አበራሽ በቀለን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የወሰዳት ሰውም ‹ላገባት ነው› ባይ ነበር። ደፈራት። ስታመልጥ በጠመንጃ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፤ መዓዛ አሸናፊ ጠበቃ ሆና ቆመችላት፤ በመጨረሻም ነፃ ወጣች። ‹ድፍረት› የተሰኘው ፊልም የተሠራው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ልብ በሉ፣ የልብ ወለዱ ማለቂያ በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ ነበር ማለት ነው! ይህ የተሻረው በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

«ልብ ወለድ እኮ ነው፣ አንባቢዋ ታውቃለች፣ ካልፈለገች ትዘጋዋለች» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ያነበበች ሁሉ ትጠለፋለች የሚል ተረት አላወራም። አንዳንዶቹ ደራሲዎችም መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ ማስጠንቀቂያ ያስቀምጣሉ። ግን ታሪኩ በቴሌግራም ‹ክፍል 1›፣ ‹ክፍል 2› እየተባለ ተቆራርጦ ለ13 ዓመት ልጅ ሲደርሳት ማስጠንቀቂያው አብሮ ላይመጣ ይችላል። ደግሞም ጉዳቱ ስም ማምታታቱ ላይ ነው። ፍርሃትን ‹መዋደድ›፣ ክትትልን ‹መጨነቅ›፣ እምቢታን ‹ማሽኮርመም› እያሉ በ40 ክፍል ያስለመዷት ልጅ፣ እውነተኛው ሲመጣባት ለእናቷ በምን ስም ጠርታ ትንገራት?

የእህቶቻችንን ስልክ ለመፈተሽ የምንሮጥ ወንድሞችም ቆም እንበል። እምቢ ያለችውን ልጅ ከትምህርት ቤት እስከ ሰፈሯ የሚከተል፣ ስትዘጋው በሌላ ቁጥር የሚደውል፣ ‹ስለምወዳት ነው› የሚል ጎረምሳ ምናልባት አንድ ገጽ ልብ ወለድ አላነበበም። ያመነው ግን ያንኑ ነው። እኛስ ‹ወንድ ልጅ ተስፋ አይቆርጥም› እያልን አላሳቅነውም?

ጨለማ ታሪክ በራሱ ችግር ነው አላልኩም። ቁርኣን ውስጥ ከታሪኮች ሁሉ ያማረ የተባለው የዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክ የተቆለፉ በሮች፣ ከኋላ የተቀደደ ቀሚስና ወህኒ ቤት ያሉበት ነው። ፍላጎቱ ሳይደበቅ ተነግሯል። ነገር ግን ማስገደዱ አንድም ቦታ ፍቅር ተብሎ አልተሸለመም፤ በስተመጨረሻ የዐዚዙ ሚስት ራሷ ጥፋቱ የእሷ እንደነበረ መስክራለች። ሱረቱ-ኒሳእ 19 ላይም ሴቶችን ያለ ፈቃዳቸው መውረስ ተከልክሏል። ኸንሳእ ቢንት ኺዛምን (ረ.ዐ) አባቷ ሳትፈልግ ቢድራት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኒካሑን ውድቅ አድርገውታል። አባት ያልተፈቀደለትን መንገድ ላይ የጠበቀ ሰው ከየት አገኘው?

ስለዚህ እህቴ፣ የምታነቢውን ታሪክ ባለ ቪላው ሳይሆን ሰፈርሽ ያለው ሰው እንደሚያደርገው አስበሽ አንድ ክፍል አንብቢው። ወንድሜ፣ አንተም እንደዚሁ፤ እህትህን በእሷ ቦታ አድርገህ። አረካም ሆነ ሶዶ ያላችሁ ወሊዮችና ኢማሞች ደግሞ፣ ሽማግሌ ተልኮ «አንዴ ሆኗል፣ ኒካሕ ይታሰርና ነገሩ ይብረድ» ሲባል ልጅቷ በመጀመሪያ ከዚያ ቤት ትውጣ። እናቷ ዘንድ ትረፍ፣ ሐኪም ይያት። ሰውየው ለፖሊስ ይሰጥ።