ካይሮ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ

ከደጀን ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ካይሮ ይደርሳል። ስለዚህ ውሃ መከራከር ከጀመርን ብዙ ዘመን ሆነን፤ የሕዳሴው ግድብ መሠረት በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ በየቤቱ ገብቷል። ግብፅን የምናውቃት ግን በአብዛኛው ከመሪዎቿ መግለጫና ከእንግሊዝኛ ዜና ነው። በእኔ እምነት የጎደለን አንድ ሰው አለ፦ ካይሮ ወይም እስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ፣ ቤት ተከራይቶ፣ በዐረብኛ እያስተማረ ዓመታት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ምሁር።

ግብፆች በዚህ ቀድመውናል። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ መምህራኑ የመጡት ከግብፅ ነው፤ ሐና ሳሊብ የተባለው ቅብጥ ይመራቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ጳጳስ የምታገኘው ከእስክንድርያ ነበር። የካይሮው ሊቅ ሙራድ ካሚል ዜና አይሁድ የተባለውን መጽሐፍ ከግዕዝ ብራናዎች አመሳክሮ ለኅትመት እስከማብቃት ደርሷል። የእኛ ሰው በዚያ አልኖረም ማለት ግን አይደለም። አልአዝሃር ውስጥ ከአፍሪካ ቀንድ ለሚሄዱ ተማሪዎች የጀበርት ሪዋቅ የሚባል የተለየ ማደሪያ ነበር፤ የናፖሊዮንን ወረራ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አልጀበርቲም የዘር ሐረጉ ከዚሁ ቀንድ ነው። አባቱ ሐሰን የሒሳብና የሥነ ፈለክ መምህር ነበር። ግብፅ የራሷን ታሪክ ከቀንዱ ከሄደ ቤተሰብ ልጅ ብዕር የምታነብ ከሆነ፣ መንገዱ ለእኛ እንግዳ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ደኅንነትን የሚያነሣ ነው፤ ቀላልም አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ጣልያናዊ ጁሊዮ ሬጌኒ ካይሮ ውስጥ ተሠቃይቶ ተገድሎ ተገኝቷል። የሠራተኛ ማኅበራትን ሲያጠና የነበረ ሰው ይህ ከደረሰበት፣ በዓባይ ጉዳይ መጠይቅ ይዞ ገበያ ለገበያ የሚዞር ኢትዮጵያዊ ምን ሊጠብቀው እንደሚችል መገመት አያቅትም። ስለዚህ የሚላከው ሰው በግሉ ሳይሆን በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የጽሑፍ ስምምነት ይሂድ፤ ሥራውም ከማስተማር ይጀምር፦ ከአማርኛ፣ ከግዕዝ፣ ከታሪክ። ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው ምሥጢር በመፈለግ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ጋዜጣውን በማንበብ፣ ተማሪው ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚያምን በማዳመጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ከሄደ አይመለስም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከራሷ ከግብፅ መማር ይቻላል። የሚከፍሉት ደመወዝ ለመምህራኑ የማይበቃ የግብፅ ዩኒቨርሲቲዎች ምሁሮቻቸው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች «ኢዓራ» በሚሉት የውሰት ሥርዓት እንዲሄዱ ይፈቅዳሉ፤ የሄደው ምሁር ወንበሩ ይጠበቅለታል፣ ዘመኑ ሲያበቃ ይመለሳል። ሁሉም ይመለሳል አልልም። እኛ ግን መሄድን እንደ ክህደት ስለምናይ የሄደው ከቤቱ እንዲቆረጥ እናደርገዋለን፤ ከጉዞው ይልቅ የሚጎዳን ይህ ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ ሊሆንበት አይገባም። ከቢቸና አጠገብ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቀችው በአካባቢው ልጆች ብቻ አልነበረም፤ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አውራጃ የመጣ የቆሎ ተማሪ ነው ስሟን ያስጠራው። ማንም አገርህን ትተህ ለምን መጣህ አላለውም፤ አገሩ ሲመለስም መምህር ሆኖ ወንበር ይዘረጋ ነበር። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከዚሁ ልማድ ቢነሣ፣ ሁለት ወይም ሦስት ወጣት መምህራንን መርጦ አስቀድሞ ዐረብኛን አንድ ዓመት ሙሉ ያስተምራቸው፤ ወንበራቸው እንደሚጠበቅላቸውም በደብዳቤ አረጋግጦ ይሸኛቸው።