ስሕተት ፈላጊ መሐንዲስን ስለ ማስተማር
ዘጪጩ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱን የፈጸመ ደቀ መዝሙር ሁሉ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ማስረጃውን እንዳይቀበል ስለ ተደነገገ፣ የምረቃው ወራት በቀረበ ቍጥር በየመካነ ትምህርቱ የሚሰማው ወሬ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ወደቀ የሚል ሆኗል። ፈተናው መኖሩን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ሳይማር የተመረቀ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሚያደርሰውን ጥፋት የምናውቅ ሰዎች እንዲህ ያለውን ማጣሪያ ልንጠላው አይገባንም። ዳሩ ግን ከቀረቡለት ምርጫዎች አንዱን መርጦ የሚወጣ ተማሪ፣ ሌላ ሰው ላወጣው ጥያቄ መልስ ማግኘቱን ያስመሰክራል እንጂ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ራሱ ፈልጎ የማውጣት ችሎታ እንዳለው አያስመሰክርም። ይህን ሁለተኛውን ችሎታ ዋና ሙያው ያደረገ የምህንድስና ክፍል አለ፤ እርሱም ሃርድዌር ቬሪፊኬሽን የሚባለው፣ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ንድፍ ወደ ፋብሪካ ከመላኩ አስቀድሞ በእርግጥ የታሰበለትን ተግባር የሚፈጽም መሆኑን የሚመረምረው ሙያ ነው። ይህ ሙያ ራሱን የቻለ ኮርስ ሆኖ በደጃችን ባለው በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ ይገባል የምልበትን ምክንያትና፣ ሊሰጥ የሚገባበትንም ሥርዐት ለአንባቢ ላቀርብ እወዳለሁ።

ነገሩን ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ የዛሬው ዘመን ቺፕ የሚነደፈው ቬሪሎግን በመሰለ ቋንቋ በኮምፒዩተር ላይ በሚጻፍ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ወደ ረቂቅ ሥዕል ተለውጦ በሲሊከን ላይ ይታተማል። በስልካችን ላይ ያለ መተግበሪያ ስሕተት ቢገኝበት አዘጋጁ በማግስቱ አርሞ ሊልክልን ይችላል፤ በሲሊከን ላይ የታተመ ስሕተት ግን ቺፑ እንደ ገና ካልታተመ በቀር የማይፋቅ ሲሆን፣ በረቀቁት ፋብሪካዎች ለኅትመቱ የሚዘጋጀው ቅርጽ ብቻውን ሚሊዮን ዶላሮችን ይፈጃል። ታላላቆቹ የቺፕ ኩባንያዎች ለንድፍ ሥራ ከሚያውሉት ጊዜና የሰው ኀይል ትልቅ ድርሻውን ለምርመራው የሚመድቡትም ስለዚህ ነው።

ምርመራ ሲጎድል የሚከተለውን ጕዳት ለዓለም ያስተማረው በኢንቴል ኩባንያ ላይ የደረሰው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ፣ በቨርጂንያ፣ በሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበሩት ቶማስ ናይስሊ ስለ መንታ ፕራይም ቍጥሮች ረዥም ስሌት ሲያሰሉ፣ የኮምፒዩተሮቻቸው መልስ እርስ በርሱ አልስማማ ቢላቸው፣ ጥፋቱን በመጀመሪያ በራሳቸው ጽሑፍ፣ ቀጥሎም በሌላው መሣሪያ ሲፈልጉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ፔንቲየም በተባለው አዲስ ፕሮሰሰር ውስጥ አገኙት። 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.33382 መሆን ሲገባው ያ ፕሮሰሰር 1.33374 ይል ነበር፤ ምክንያቱም ለማካፈል ሥራ የሚያገለግለው ሰንጠረዥ ሊይዛቸው ከሚገባው 1,066 ዋጋዎች አምስቱ ሳይገቡ ቀርተው ነበር። ኩባንያው አስቀድሞ ነገሩን አቃሎ ቢያየውም፣ የደንበኞቹ ቍጣ ስለ በረታ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ለጠየቀ ሁሉ ፕሮሰሰሩን እንደሚለውጥ አስታወቀ፤ ለዚህም 475 ሚሊዮን ዶላር በወጪ መዘገበ። ንድፉን የሠሩት ሊቃውንት ማካፈል የሚሳናቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ፕሮሰሰሩ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ያልተገኘው፣ የሰንጠረዡ ቦታ ሁሉ አንድ ሳይቀር ተጐብኝቷልን ብሎ ጠይቆ ያለ መልስ የማይመለስ መርማሪ ነበር።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ሁሉን ሞክሮ መጨረስ ነው እንጂ ይህ ምን ልዩ ሙያ ያስፈልገዋል?» ይል ይሆናል። እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሆኑ ሁለት ቍጥሮችን የሚደምር አንድ ትንሽ ሰርኪዩት ብንወስድ፣ ሊቀርቡለት የሚችሉት ጥንዶች ከ18 ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣሉ፤ በአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጥንድ የሚፈትን መሣሪያ ተገኝቶ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ሥራውን ቢጀምርና ሌት ተቀን ባያቋርጥ፣ የሚጨርሰው ገና በእኛ ዘመን ነው። እንግዲህ መርማሪው ሁሉን መሞከር የማይቻለው ከሆነ፣ የትኛውን እንደሚሞክር መምረጥ፣ ሳይሞክር የተወውን ለይቶ ማወቅ፣ በቃኝ ብሎ ለማቆምም የሚያሳምን ምክንያት ማቅረብ ይኖርበታል። የኮርሱ ነፍስ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ስለዚህ ሥርዐተ ትምህርቱን የሚያዘጋጁት መምህራን ከአንድ ፈተና እንዲጠበቁ እመክራለሁ፤ እርሱም ኮርሱን የመሣሪያና የቋንቋ ጥናት ማድረግ ነው። በሙያው የሚሠራባቸው፣ ሲስተምቬሪሎግ የተባለው ቋንቋና ዩቪኤም የተባለው የምርመራ ዘዴ፣ እጅግ ሰፊ ስለ ሆኑ፣ መምህሩ ካልተጠነቀቀ መንፈቀ ዓመቱ ሰዋስዋቸውን በማስጠናት ያልቃል፤ ተማሪውም ብዙ ቃል አጥንቶ የሚጠይቀው ነገር ሳይኖረው ይወጣል። የእኔ ሐሳብ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ኮምፒዩተር ሳይከፈት በወረቀት ላይ እንዲያልፉ ነው። መምህሩ ስምንት ቦታ ያለውን ፊፎ የሚባለውን ወረፋ ይወስድና፣ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል፣ ሲሞላ አይቀበልም፣ ባዶ ሲሆን አይሰጥም የሚል የአንድ ገጽ መግለጫ ለተማሪዎቹ አድሎ፣ መግለጫው ዝም ያለበትን ቦታ ፈልገው እንዲጽፉ ያዛቸዋል። ወረፋው ሞልቶ ሳለ በዚያችው የሰዓት ምት፣ ማለት ቺፑ አንድ እርምጃ በሚራመድባት ቅጽበት፣ አንዱ ሊያስገባ፣ ሌላው ሊያወጣ ቢመጣ ምን ይሆናል? አዲሱ ይገባልን ወይስ ይመለሳል? ይህን ጥያቄ ያነሣ ተማሪ አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ የሙያውን ደጅ አልፎ ገብቷል።

ቀጥሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲመጡ መምህሩ ሆን ብሎ ጕድለት የቀበረበትን ያንኑ ወረፋ ይሰጣቸዋል። ወረፋው ሞልቶ ማስገባትና ማውጣት በአንድ ምት ሲገናኙ አንድ ቍጥር ይጠፋል፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ ግን ሥራው እንከን የለውም። ተማሪው እያስገባ ይሞላል፣ እያወጣ ያጐድላል፤ መቶ ጊዜ ቢሞክር መቶ ጊዜ ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። የኮዱ መስመር ሁሉ መሠራቱን የሚቈጥረው ከቨሬጅ የተባለው መለኪያ እንኳ መቶ በመቶ ይልለታል። በዚህ ጊዜ መምህሩ «ሞልቶ፣ ገብቶና ወጥቶ በአንድ ምት የተገናኙበትን ጊዜ ቍጠርልኝ» ቢለው መልሱ ዜሮ ሆኖ ይገኛል፤ ተማሪውም የኮዱን መስመር መቍጠርና የነገሩን ኹኔታ መቍጠር የተለያዩ መሆናቸውን ከእንግዲህ አይረሳም። ከዚህ በኋላ ግብአቱን በዕጣ የሚያወጣ ጀነሬተር፣ ትክክለኛውን መልስ ለብቻው የሚያሰላ ሞዴል፣ ሁለቱን መልስ የሚያነጻጽር ስኮርቦርድ፣ በየምቱ ሕግ መጠበቁን የሚከታተል አሰርሽን፣ በመጨረሻም በምሳሌ ብዛት ሳይሆን በሎጂክ የሚያስረዳው ፎርማል ቬሪፊኬሽን በየተራቸው ቢመጡ፣ እያንዳንዳቸው ተማሪው አስቀድሞ ለተቸገረበት ነገር መፍትሔ ሆነው ስለሚደርሱ በልቡናው ይተከላሉ።

የሙያው ዐቢይ ሕግ ግን ንድፉን የሠራው ሰው ብቻውን መርማሪው እንዳይሆን የሚያዝዘው ነው፤ መግለጫውን በስሕተት የተረጐመ ነዳፊ ፈተናውንም በዚያው ስሑት ትርጓሜ ያወጣዋልና። ይህን ሕግ በዲላ ዙሪያ ላለው ለጌዴኦ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥርዐት ለምርመራ የሚቀርብ ቡና ናሙናው በምስጢር ቍጥር ብቻ ተለይቶ ከቀማሹ ፊት ሲደርስ፣ ቀማሹ የማን እንደ ሆነና ከየትኛው መፈልፈያ እንደ መጣ ሳያውቅ ሽታውንና ጣዕሙን መዝኖ ደረጃውን ይሰጣል፤ ቡናውን ያጠበው ሰው የገዛ ራሱን ቡና ቀምሶ ደረጃ ይስጥ ቢባል ግን ዳኝነቱን የሚቀበለው ገዢ አይገኝም። ኮርሱም ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ፣ አንዱ የነደፈውን ሌላው እንዲመረምር፣ ሁለቱም መግለጫውን ለየብቻቸው አንብበው እንዲመጡ ማድረግ አለበት።

የማጠቃለያው ፈተናም ይህንኑ መንፈስ ይከተል። መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ አሥር ንድፎች ይስጠው፤ ከእነርሱ ጥቂቶቹ ጤነኞች፣ የቀሩት ጕድለት ያለባቸው ይሁኑ፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ግን አይነገረው። ጕድለቱን አግኝቶ በየትኛው ግብአት፣ በየትኛው ምት እንደሚታይ ላስረዳ ማርክ ይሰጠው፤ ጤነኛውን ንድፍ ጕድለት አለበት ብሎ ከከሰሰም ይቀነስበት፤ የሐሰት ክስ የነዳፊውን ጊዜ በከንቱ ያባክናልና። አላገኘሁም የሚል ተማሪ ቢኖር፣ የት የት እንደ ፈለገና የት እንዳልደረሰ በሐቅ ከጻፈ ከማርኩ ድርሻ ይኑረው። መርማሪው ያልደረሰበትን ቦታ እንደ ደረሰበት አድርጎ ከጻፈ፣ ስሕተቱ ተደብቆ ኖሮ በአደባባይ ጕዳት ሊያደርስ ይችላልና።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው፣ ቺፕ የሚያትም ፋብሪካ በሌለበት አገር ይህን ማስተማር ምን ይረባል የሚል ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1985 በባንጋሎር የንድፍ ማእከል ሲከፍት የተመካው በዚያች ከተማ በሚገኝ የቺፕ ፋብሪካ ላይ አልነበረም፤ ከተማዪቱ በንድፍና በምርመራ ሥራ ስመ ጥር የሆነችው በሰዎቿ ዕውቀት ነው። በካይሮም ሜንተር ግራፊክስ፣ ዛሬ በሲመንስ ሥር ያለው ኩባንያ፣ የግብፅን መሐንዲሶች በዚሁ ዓይነት ሥራ ሲያሠራ ኖሯል። ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ንድፉን በኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራው የታላላቆቹ ኩባንያዎች ሲሙሌተር ፈቃዱ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቬሪሌተር፣ አይካረስ ቬሪሎግ፣ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚሠራውም ኮኮቲቢ በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሥራቸውን አያቆሙም፤ ለመጀመሪያው ኮርስም ተራ ላፕቶፕ ይበቃቸዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከእኛው ከአካባቢው ሰዎች የሚመጣ ስለ ሆነ በአክብሮት ሊታይ ይገባዋል። የእንሰቱና የቡናው ጥምር እርሻ ያስከበረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ገባ፣ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ጕልበቱን በአፈሩ፣ በእንሰቱና በቡናው ላይ ያውል የሚሉ አሉ። እኔም ይህን ከልብ እደግፋለሁ። ሆኖም የገበሬያችንን ቡና የሚመዝነው ዲጂታል ሚዛን፣ እርጥበቱን የሚለካው መሣሪያ፣ ገንዘቡን የሚቀበልበት ስልክ ሁሉ በውስጣቸው ቺፕ አለ፤ እኛም ለሚነግሩን ቍጥር ሁሉ አሜን ስንል እንኖራለን። ቍጥሩን የሚያወጣው መሣሪያ እንዴት እንደሚፈተን የሚያውቁ ወጣቶች ከጪጩ፣ ከወናጎና ከይርጋ ጨፌ ቢወጡ ለቡናችን ጠባቂ ይሆናሉ እንጂ የቡና ጥናቱን የሚሻሙት አይደሉም።

ትልቁ ችግር የመምህር ነው፤ ሙያውን በሥራ ላይ የቀሰመ ሰው በአገር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። በውጭ አገር በቺፕ ኩባንያዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ግን በሳምንት አንድ ሰዓት በርቀት ቢያስተምሩ፣ የተማሪዎቹንም የምርመራ ዕቅድ አንብበው ቢያርሙ፣ የዚህ አገር መምህር ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ እየተማረ በሁለት ዓመት ውስጥ ኮርሱን ራሱ ሊረከብ ይችላል። ስለዚህ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሴኔትና የኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምህንድስና መምህራን ይህን ኮርስ በምርጫ ትምህርትነት፣ በአንድ ላቦራቶሪና በጥቂት ተማሪዎች ይጀምሩት ዘንድ አሳስባለሁ፤ ለመጀመር የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጃቸው አለና የቀረው የእነርሱ ውሳኔ ነው።